የመሥሪያ ቤት ኮድና የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለአራት ዓመት ያህል በአንድ ድርጅት አይቲ ክፍል ሠርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ወገን አውቀዋለሁ፤ ሎግ (ኮምፒውተሩና ኔትወርኩ የሚይዙትን የእንቅስቃሴ መዝገብ) የሚያየውንም፣ ሎጉ ላይ የሚታየውንም። እነዚህ ጥያቄዎች ከጓደኞችና ከቴሌግራም ግሩፖች እየተመላለሱ የሚመጡልኝ ናቸው።

ኮዴን ለሰው ለማሳየት ፔስትቢን ላይ ብለጥፈው ምን አለበት?

ኮዱ የራሳችሁ ከሆነና ውስጡ ሚስጥር ከሌለ ምንም የለበትም። ፔስትቢን ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚሁ ሲያገለግል የኖረ ገጽ ነው። ጣጣው የሚመጣው የሚለጠፈውን ሳያነቡ ሲለጥፉ ነው። እንዲህ ያሉ ገጾችን ቀን ከሌት የሚያስሱ ፕሮግራሞች አሉ። ፓስወርድ የሚመስል ነገር ሲያገኙ ለቀም ያደርጉታል። እናንተን ለይተው አይደለም፤ ማን እንደሆናችሁም አያውቁም።

ከፔስትቢን ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ማንም ልብ የማይለው ሌላ ዓይነት ገጽ ነው። የተዝረከረከ የጄሰን ዳታ (ፕሮግራሞች መረጃ የሚለዋወጡበት የጽሑፍ ዓይነት) ትለጥፉበታላችሁ፣ አሰልፎ ይመልስላችኋል። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም። በ2025 መጨረሻ ላይ ዋችታወር የተባለ የሳይበር ደህንነት ድርጅት እንዲህ ያሉ ሁለት ታዋቂ ገጾችን ፈትሾ፣ ተጠቃሚዎች ሴቭ ያደረጓቸውን ከ80 ሺህ በላይ ፋይሎች ሰበሰበ። ፓስወርድ አለ፣ የክላውድ ቁልፍ አለ፣ የሰው የግል መረጃ አለ። ሰብሮ መግባት አላስፈለገውም። ሴቭ የሚለውን የነካ ሰው ሁሉ ፋይሉን በራሱ እጅ አደባባይ አስቀምጦታል። የሚገርመው ይህን ማሰለፍ ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ራሱ ይሠራዋል፤ ኢንተርኔትም አያስፈልገውም።

ሊንኩን ያልሰጠሁት ሰው አያየውም ይላል እኮ። "ሚስጥራዊ" ነው።

ኮድ ማስቀመጫውና ማጋሪያው ገጽ ጊትሃብ ላይ ሲክሬት ጂስት የሚባለውን የኮድ ቁራጭ መለጠፊያ ማለታችሁ ከሆነ፣ ስሙ ነው ያታለላችሁ። በፍለጋ አይወጣም፣ እውነት ነው። ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ግን ይከፍተዋል። መጋረጃ እንጂ በር አይደለም። ሊንክ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። አንዱ ፎርዋርድ ያደርገዋል፣ ሌላው ግሩፕ ላይ ይጥለዋል።

ሪፖዚተሪው (ጊትሃብ ላይ ያለው የኮዱ ማስቀመጫ) ፕራይቬት ከሆነስ?

በጣም ይሻላል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊትሃብ ላይ ፕራይቬት ሪፖዚተሪ በነፃ ስለሆነ ፐብሊክ የምታደርጉበት የገንዘብ ምክንያት የለም። ግን ፕራይቬት ማለት ፓስወርድ ማስቀመጫ ማለት አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታክሲ መጥሪያው ድርጅት ኡበር የደረሰበት ይኸው ነው። ሰርጎ ገቦቹ በኢንጂነሮቹ አካውንት ወደ ድርጅቱ ፕራይቬት ሪፖዚተሪ ገቡ። እዚያ ኮድ ውስጥ የአማዞን ክላውድ ቁልፍ ተጽፎ አገኙ። በዚያ ቁልፍ የ57 ሚሊዮን ተሳፋሪዎችና ሹፌሮች መረጃ እጃቸው ገባ። በሩ ተዘግቶ ነበር፤ የሌላው በር ቁልፍ ግን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር።

ቁልፉን በተለየ ፋይል አድርጉ፤ የፋይሉን ስም ጊት ኢግኖር (ጊትሃብ ላይ እንዳይጫኑ የሚታለፉ ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ አስገቡ። አካውንታችሁ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ አብሩ።

ፓስወርድ ያለበትን ኮድ በስህተት ለቅቄው ወዲያው ዲሊት አደረግኩት። ተረፍኩ?

አልተረፋችሁም። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው።

ጊት፣ የኮድን ለውጥ የሚመዘግበው ፕሮግራም፣ የተሠራው እንዳይረሳ ነው። ዛሬ ፋይሉን አጥፍታችሁ አዲስ ኮሚት ብታደርጉ (ለውጡን ብትመዘግቡ)፣ የትናንቱ ኮሚት እዚያው አለ። ሁለት ጊዜ ክሊክ ያደረገ ሰው ያነበዋል። ታሪኩን ከሥሩ የሚያጸዱ መሣሪያዎች አሉ፤ ነገር ግን እናንተ እስክታጸዱ ድረስ ማን ኮፒ እንዳደረገ ማወቅ አይቻልም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው፤ ሰዎች ሁልጊዜ ገልብጠው ይሠሩታል። መጀመሪያ ቁልፉን ግደሉት። ፓስወርዱን ቀይሩ፣ የኤፒአይ ቁልፉን (አንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ አገልግሎት የሚገባበትን የሚስጥር ጽሑፍ) ሰርዛችሁ አዲስ አውጡ። የሞተ ቁልፍ ማንም ቢያገኘው ምንም አያደርግበትም። ቀጥሎ በዚያ ቁልፍ የገባ ሰው ካለ ሎግ ተመልከቱ። ታሪኩን ማጽዳት የመጨረሻው ነው። ቁልፉን እንደገደላችሁ ደግሞ ወዲያው ለኃላፊያችሁ ንገሩ። ማፈር ያለ ነው። ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ የተነገረ ስህተት ስህተት ነው፤ ከሦስት ወር በኋላ ሌላ ሰው ያገኘው ግን ሌላ ስም ይሰጠዋል።

ለመጽናኛ ያህል፦ በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ጊትሃብ ራሱ፣ ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን የገዛ ራሱን የኤስኤስኤች ሚስጥራዊ ቁልፍ በስህተት ፐብሊክ ሪፖዚተሪ ላይ አውጥቶ ተገኘ። ምን አደረገ? ቁልፉን ቀየረ፣ ለሕዝብ ተናገረ። ማንም አየው ብሎ ስላሰበ ሳይሆን እንዳልታየ ማረጋገጥ ስለማይቻል ነው።

ያልተነገረ ስህተት ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ቶዮታን እዩ። ከመኪና ጋር የሚገናኝ አገልግሎቱን የሠራለት ንዑስ ተቋራጭ በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. የኮዱን ከፊል ጊትሃብ ላይ ፐብሊክ አድርጎ ጫነ። ውስጡ የዳታ ሰርቨር ቁልፍ ነበረበት። የታወቀው በመስከረም 2022 ነው። ወደ አምስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። የ296,019 ደንበኞች ኢሜይል ለአደጋ ተጋልጦ ከረመ።

ቻትጂፒቲን ብጠይቀውስ? ሰው አይደለም እኮ።

ሰው አይደለም፤ ግን የሌላ ድርጅት ሰርቨር ነው። ሳምሰንግ ይህን በ2023 ነው የተማረው። ሠራተኞቹ እንዲጠቀሙ ከፈቀደ ብዙም ሳይቆይ አንዱ የሴሚኮንዳክተር ክፍሉን ኮድ ስህተት ፈልግልኝ ብሎ አስገባ፤ ሌላው የስብሰባ ቃለ ጉባኤ። በግንቦት ድርጅቱ መጠቀሙን ከለከለ። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ጽሑፋችሁ ፕሮግራሙን ለማሠልጠን እንዳይወሰድ ማድረግ ትችላላችሁ። ጽሑፉ ግን ከቤት ወጥቷል። መሥሪያ ቤታችሁ ከፍሎ የገዛው አካውንት ካለ እሱን ተጠቀሙ። ከሌለ፣ ቀጥሎ እንዳለው ቀንሳችሁ ጠይቁ።

እሺ፣ እርዳታ ስፈልግ እንዴት ነው የማጋራው?

ቀንሱ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ጳጉሜ 2015 ላይ አንድ ባልደረባዬ የደመወዝ ፕሮግራም እምቢ አለው። በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ነው የሚያሰላው። ጳጉሜ 6 ሲደርስ "የሌለ ቀን" እያለ ይወድቃል። ልጁ ከ200 መስመር በላይ ያለውን ፋይል ኮፒ አድርጎ፣ ብዙ ሺህ አባል ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሊጥለው እጁ ኢንተር ላይ ነበር።

ቆይ እስቲ አልኩት። አብረን አነበብነው። አራተኛው መስመር ላይ የዳታቤዙ አድራሻ ከነፓስወርዱ አለ። ሠላሳ ምናምነኛው ላይ ለሙከራ ተብሎ የገቡ የስድስት ሠራተኞች ሙሉ ስምና ደመወዝ፤ የእውነት ስም፣ የእውነት ደመወዝ። አስተያየት መስመሮቹ ውስጥ የድርጅቱ ስም አራት ቦታ። የፋይሉ ስም ራሱ የድርጅቱ ምህጻረ ቃል ነበር።

አዲስ ባዶ ፋይል ከፈትን። ዳታቤዙን ጣልነው፤ ቀኑን በእጅ ጻፍነው። ስሞቹን አበበና ከበደ አደረግናቸው። ደመወዙ ከነጭራሹ አያስፈልግም። እየቆረጥን እየቆረጥን 14 መስመር ቀረን። ያኔ ስህተቱ ፊት ለፊት ተቀምጦ አየነው። ፕሮግራሙ ዓመቱ ለአራት እኩል ከተካፈለ ጳጉሜ ስድስት ናት ይላል። የፈረንጁን ደንብ ነው የወሰደው። በእኛ ግን ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ፣ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ነው። 2015 እንደዚያ ነው። ግሩፑ ላይ ምንም ሳንለጥፍ ጨረስን።

ይህ ሁልጊዜ አይሆንም። ግን ከሦስቱ አንዱ ጊዜ ይሆናል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ባይሆን እንኳ፣ 14 መስመር የሚያነብላችሁ ሰው ታገኛላችሁ፤ 200 መስመር ማንም አያነብላችሁም።

ስክሪንሾት የምትልኩ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ስልክ ላይ ያለው ጥቁር ማርከር ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አይሸፍንም። ብርሃኑን ከፍ ሲያደርጉት ከሥሩ ይነበባል። ቆርጣችሁ አውጡት እንጂ አትቀቡት።

የጻፍኩት እኔ ነኝ። ኮዱ የኔ አይደለም እንዴ?

በአብዛኛው አይደለም። በቅጅና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ለሥራ ተቀጥራችሁ የሠራችሁት ሥራ ባለመብቱ አሠሪው ነው፤ በውል ሌላ ካልተስማማችሁ በቀር። የኮምፒውተር ፕሮግራምም በአዋጁ ይሸፈናል። ማታ ቤታችሁ በራሳችሁ ላፕቶፕ የሠራችሁት የጎን ሥራ ሌላ ነገር ነው። ግን ውላችሁን አንብቡ፤ እሱንም የሚጠቀልል አንቀጽ ያለበት ውል አይቻለሁ።

አለቃዬ በኮምፒውተሬ የማደርገውን ያያል?

ማየት ይችላል። ያያል ወይ ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

አይቲ ክፍል በነበርኩበት ጊዜ ከፊቴ የነበረው ሎግ እንዲህ ይነበባል፦ ከሰዓት በኋላ 9፡42፣ የሒሳብ ክፍል ሦስተኛው ኮምፒውተር፣ ዩቲዩብ፣ 310 ሜጋባይት። ይኸው ነው። ስብከት ይሁን ድራማ አይታወቅም። እንዲህ ያለ መስመር በቀን በመቶ ሺህ ይመዘገባል። ቁጭ ብሎ የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ እኔም ፕሪንተር ስጠግን ነው የምውለው።

ሎጉን ከፍቼ ስም የፈለግኩባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ሁሌም የሚጀምሩት "የእገሌን የሦስት ወር አውጣልኝ" በሚል ስልክ ነው። እገሌ ከኃላፊው ጋር ተጣልቷል፣ ወይም መልቀቂያ አስገብቷል። ሎግ የሚነበበው ስትጣሉ ነው። ለዚህ ነው "ማን ያየኛል" የሚለው ስሌት የማያዋጣው። ዛሬ አያይም፤ የተቀመጠው ግን ፈላጊ እስኪመጣ ይጠብቃል። የለጠፋችሁት ኮድም እንደዚያው ነው።

ከሎግ የሚያልፉም አሉ። ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ፕሮግራም ስክሪን ፎቶ ሊያነሳ፣ የተጫናችሁትን ፊደል ሊመዘግብ፣ ፍላሽ ስትሰኩ ወይም ፋይል ስትጭኑ ደወል ሊያሰማ ይችላል። የመሥሪያ ቤት ኢሜይልማ ሳጥኑ የድርጅቱ ነው፤ አስተዳዳሪው ሊከፍተው ይችላል። በሥራ መልእክት መለዋወጫዎቹ በስላክና በቲምስ የተጻፈ መልእክትም እንደየክፍያ ዓይነቱ ሊወጣ ይችላል።

ኢንኮግኒቶ ብከፍትስ?

ኢንኮግኒቶ የሚደብቀው ከእናንተ በኋላ ያንን ብራውዘር ከሚከፍት ሰው ነው። ከኔትወርኩ አይደብቅም።

ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ ግንኙነት) ከሆነ ግን ውስጡን አያዩትም አይደል?

በቤታችሁ ኮምፒውተር ከሆነ የገጹን ስም እንጂ ውስጡን አያዩም። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ግን ድርጅቱ የራሱን ሰርተፊኬት ጭኖ ትራፊኩን መሀል ላይ ፈትቶ መልሶ ሊያሽገው ይችላል። ማወቅ ቀላል ነው። ጉግልን ክፈቱ፣ ከአድራሻው ጎን ያለውን ምልክት ነክታችሁ ሰርተፊኬቱን ማን እንደሰጠ እዩ። የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ወይም እንደ ፎርቲኔትና ሶፎስ ያለ የፋየርዎል ኩባንያ ስም ካያችሁ፣ እየተከፈተ ነው። አንዳንድ አንቲቫይረስም ይህንኑ ስለሚያደርግ ወዲያው አለቃችሁን አትጠርጥሩ። ለማንኛውም የባንክ አካውንታችሁን እዚያ ላይ አትክፈቱ።

በራሴ ስልክ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ብሆንስ?

የትኞቹን ገጾች እንደጎበኛችሁ ያያሉ፤ የቴሌግራም መልእክታችሁን አያነቡም። የመሥሪያ ቤት ኢሜይል ስልካችሁ ላይ ስትጭኑ ግን የሚጠይቃችሁን ፈቃድ አንብቡ። "የስልኩን ዳታ ከርቀት ማጥፋት" የሚል ካለ፣ ሥራ ስትለቁ የልጆቻችሁ ፎቶም አብሮ ሊጠፋ ይችላል ማለት ነው። አንድሮይድ ላይ የሥራ ፕሮፋይል የሚባል አለ፤ የሥራ አፖቹ ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይኖራቸዋል። ድርጅቱ የሚያዘው በዚያ በኩል ባለው ብቻ ነው። ምርጫ ካላችሁ እሱን ምረጡ።

አፕወርክ (የርቀት ሥራ ማግኛ ገጽ) ላይ ነው የምሠራው። እሱስ?

በሰዓት የሚከፈል ሥራ ከሆነ መከታተያው በየአሥር ደቂቃው ውስጥ ድንገት አንድ ስክሪንሾት ያነሳል። ስንት ጊዜ ኪቦርድና ማውዝ እንደነካችሁ ይቆጥራል፤ የትኛውን ፊደል እንደሆነ ግን አይመዘግብም። ያልፈለጋችሁትን ፎቶ ማጥፋት ትችላላችሁ፤ የአሥር ደቂቃውም ክፍያ አብሮ ይጠፋል። ለሁለት ደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ የአንዱ ኮድ በሌላው ፎቶ ውስጥ እንዳይገባ ለየብቻ ዴስክቶፕ ክፈቱ። ይህንን የማውቀው ሌላ ሰው ሲሳሳት አይቼ አይደለም።

ማውዝ የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ይሸጣል። ልግዛ?

አይ። በ2024 የአሜሪካው ዌልስ ፋርጎ ባንክ ኪቦርድ የሚነኩ ለማስመሰል ሞክረዋል ያላቸውን ከአሥር በላይ ሠራተኞች አባረረ። እውነቱን ለመናገር፣ የማውዝ እንቅስቃሴ በመቁጠር ሥራን የሚለካ አለቃም ያሳዝነኛል። ኮድ ጸሐፊ ብዙውን ጊዜ አፍጥጦ ነው የሚሠራው። መልሱ ግን ይህ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚደረግ ግንኙነትም እዚያው ተጠቅሷል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃችሁ ሲሰበሰብ ሕጋዊ መሠረትና የታወቀ ዓላማ እንዲኖረው ይጠይቃል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ ገና አዲስ ስለሆነ ብዙ መሥሪያ ቤት ፖሊሲውን ከእሱ ጋር አላናበበም ብዬ እገምታለሁ። ባልደረባችሁ ፓስወርዳችሁን አግኝቶ ኢሜይላችሁን ቢከፍት ግን ነገሩ የፖሊሲ አይደለም፤ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ነው።

አውሮፓ ያላችሁ ቦግዳን በርቡሌስኩ የሚለውን ስም ያዙ። ቡካሬስት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። አሠሪው ከደንበኞች ጋር እንዲነጋገርበት ያሁ ሜሴንጀር አስከፈተው። በሐምሌ 2007 እ.ኤ.አ. የጻፈውን ለቀናት ተከታትለው፣ ከወንድሙና ከእጮኛው ጋር ያወራውን ጭምር በ45 ገጽ አትመው አቀረቡለት። ተባረረ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በመስከረም 2017 በ11 ለ6 ድምፅ ፈረደለት። በሥራ ኮምፒውተር የግል ነገር መሥራት ክልክል መሆኑን ያውቅ ነበር። ግን የመልእክቱ ይዘት እንደሚነበብ አስቀድሞ አልተነገረውም። ፍርዱ መቆጣጠርን አልከለከለም፤ ሳይናገሩ መቆጣጠርን እንጂ።

ኒው ዮርክ ላሉ፣ ከግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የግል አሠሪ ኢሜይልና ኢንተርኔት የሚከታተል ከሆነ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር በጽሑፍ ማሳወቅና ማስፈረም አለበት። ስትቀጠሩ ከፈረማችሁት የወረቀት ክምር ውስጥ አንዱ እሱ ሊሆን ይችላል።

ፖሊሲውን ስጠይቅ የምደብቀው ያለኝ አይመስልም?

ሥራ በጀመራችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከጠየቃችሁ አይመስልም። ለሰው ኃይል ክፍል እንዲህ ብትጽፉ ይበቃል፦ "ጤና ይስጥልኝ። አዲስ ሠራተኛ ስለሆንኩ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አጠቃቀም ፖሊሲው ቢላክልኝ። በተለይ ምን ምን እንደሚመዘገብ፣ ማን እንደሚያየውና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀመጥ ባውቅ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።" እነዚህን ሦስት ነገሮች የማይመልስ ፖሊሲ አሥር ገጽ ቢሆንም ባዶ ነው። "ድርጅቱ ማንኛውንም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊከታተል ይችላል" የሚል አንድ መስመር ብቻ ያለበትን ደጋግሜ አይቻለሁ። እሱን ካያችሁ የከፋውን ገምታችሁ ሥሩ።

እግረ መንገዳችሁን ኮድን ውጭ ማጋራት የተፈቀደው እስከምን ድረስ እንደሆነ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ተቀበሉ፤ ኮሪደር ላይ የተባለ ነገር አይያዝም።

ሥራ ልለቅ ነው። የሠራሁትን ኮድ ለማስታወሻ ብወስድ?

አትውሰዱ። ከላይ እንዳልኩት፣ ሎግ የሚከፈተው ያኔ ነው። በመጨረሻው ሳምንት ፍላሽ መሰካት ወይም ለግል ኢሜይል ዚፕ መላክ በመጀመሪያ የሚታየው ነው። ለሲቪ የሚሆን ነገር ከፈለጋችሁ ሐሳቡን ይዛችሁ ቤታችሁ ከባዶ ጻፉት፤ ሁለተኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው የተሻለ ይወጣል።

የራሳችሁ ፎቶና ዶክመንት ላፕቶፑ ላይ ካለ ግን በድብቅ አትቅዱት። የአይቲውን ልጅ ጥሩትና አብሯችሁ ቁጭ ብሎ ይገልብጥላችሁ። ከቴሌግራም ውጡ፣ ብራውዘሩ ላይ ሴቭ ያደረጋችሁትን ፓስወርድ አጥፉ። ከዚያ ቻርጀሩን አትርሱ፤ ክሊራንስ ላይ ሁልጊዜ የሚጠፋው እሱ ነው።